2 ጊጋ ራም ያላት ሚጢጢ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ መጫን፦ ከባክአፕ እስከ አማርኛ ኪቦርድ

አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ለታናሽ እህቴ ይዛላት የመጣችው ላፕቶፕ 11 ኢንች ናት፣ ቅልል ያለች፣ ቦርሳ ውስጥ ስትገባ ደብተር እንጂ ኮምፒውተር አትመስልም። ጉዱ ያለው ሆዷ ውስጥ ነው። 2 ጊጋ ራም፣ 32 ጊጋ ሜሞሪ፣ ዊንዶውስ 10። 32 የተባለው ስትከፍቱት 29 ገደማ ነው የሚያሳየው፣ አብዛኛውን ዊንዶውሱ ብቻውን ይዞታል፣ አፕዴት ሲመጣ ቦታ የለኝም ይላል፣ ፋይል አጥፍታችሁ ቦታ ስትሰሩለት ደሞ ያቺንም እራሱ ይሞላታል። እህቴን አሳይመንት ፋይል ከፍተሽ ቡና አፍልተሽ ነው የምትመለሺው እያልኩ እቀልድባት ነበር፣ ፈተና ሲደርስ ግን ቀልዱም ቀረ።

ዊንዶውስ 11 እንዳልጭንባት እሱ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕም ይጠይቃል። ዊንዶውስ 10 ላይ እንዳልተዋት ደሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14, 2025 መሆኑ ነው፣ አቁሟል። ስለዚህ ሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፣ ጫንኩባት። እዚህ የምፅፈው እንዴት እንደጫንኩት ነው፣ ያ ሰው የሚፈራው ትዕዛዝ የሚፃፍበት ጥቁር ስክሪን ሳይነካ። መጫኑ ራሱ 20 ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው። ነገር የሚበላሸው ከሱ በፊትና ከሱ በኋላ ስለሆነ እዛ እዛ ላይ ብለፈልፍ አትሰልቹብኝ።

የቱን ሊኑክስ

ሊኑክስ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው፣ ሰው ገና እዚህ ላይ ተደናግሮ ይተወዋል። እኔ የመረጥኩት ሊኑክስ ሚንት ነው። ሚንት በሶስት መልክ ይመጣል፣ ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ፣ ለትንሽ ላፕቶፕ ቀላሉ ኤክስኤፍሲኢ ስለሆነ እሱን ነው የምትወስዱት። ሲናሞን ያምራል ግን 2 ጊጋ ራም ላይ አታስቡት። የሚንት 22 ቤተሰብ በፈረንጆቹ እስከ 2029 አፕዴት ያገኛል፣ ለትምህርት ይበቃል። ሚንት ራሱ ትንሹ መስፈርቴ 2 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ ቦታ ነው ይላል፣ ማለትም እኛ ጠርዙ ላይ ነን፣ ይሰራል ግን እንደ አዲስ ኮምፒውተር ይበራል ብዬ አልዋሻችሁም።

ከዛ ያነሰች፣ 1 ጊጋ ራም ያላት ወይም 32 ቢት ፕሮሰሰር ያላት የድሮ ኔትቡክ ከሆነች አንቲኤክስ የሚባለውን ሞክሩ፣ ሚንት ዋናው 32 ቢት ካቆመ ቆይቷል። የናንተ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ዊንዶውሱ ላይ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ግቡና ሲስተም ታይፕ የሚለውን አንብቡ። አንድ ወጥመድ አለ፣ በፈረንጆቹ 2013 እና 2014 አካባቢ የወጡ ስክሪናቸው የሚነቀል ታብሌት መሰል ላፕቶፖች፣ እንደ አሱስ ቲ100 ያሉት፣ ፕሮሰሰራቸው 64 ቢት ሆኖ ማስነሻቸው 32 ቢት ነው፣ ሚንትን ከፍላሽ አያዩትም። እነሱ ጋ ሌላ መንገድ ነው ያለው፣ ይሄ መመሪያ ለነሱ አይሆንም።

ባክአፕ፣ እና እኔ የረሳሁት

ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ነው የምናጠፋው። ፎቶ፣ ዶክመንት፣ ዳውንሎድ ፎልደር፣ ዴስክቶፕ ላይ የተበተነው ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ወይ ወደ ሌላ ፍላሽ ይሂድ። ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችሁት ፓስወርድም እንዳለ አትርሱ።

እኔ የረሳሁት ፎንት ነው። አባቴ የእድሩ ፀሐፊ ነው፣ የአስር አመት ቃለ ጉባኤ እዛች ላፕቶፕ ላይ ገልብጦ ነበር፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ባክአፕ አድርጌ፣ ኮራ ብዬ፣ ሊኑክሱ ላይ ስከፍታቸው አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፣ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝባዝንኬ ብቻ። ነገሩ ወዲህ ነው፣ ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ ወይ በፓወር ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች የተፃፈ ዶክመንት ዩኒኮድ (ለአማርኛ ፊደል የራሱ ኮድ ያለው የዛሬው አሰራር) አይደለም፣ ውስጡ የላቲን ኮድ ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው፣ ፎንቱ ከሌለ አማርኛውም የለም። ስለዚህ ከማጥፋታችሁ በፊት ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ የግዕዝ ፎንቶቹን ኮፒ አድርጉ። ሊኑክሱ ላይ ደብል ክሊክ አድርጎ ኢንስቶል ማለት ነው፣ ይነበባል። እኔ ፎንቱን እስካገኝ አባቴ ሶስት ቀን አኩርፎኛል።

ወደ ዊንዶውስ መመለስ እንፈልግ ይሆናል የምትሉ ደሞ ሰርች ላይ ሪከቨሪ ድራይቭ ብላችሁ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሰርታችሁ አስቀምጡ። አብሯት የመጣው የዊንዶውስ ላይሰንስ ከላፕቶፗ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ዲስኩ ስለጠፋ አይጠፋም።

ፍላሹን ማዘጋጀት

8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፣ ውስጡ ያለው ይጠፋል። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ነው፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ አውርዱት። ኔትወርክ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ የሚንት ገፅ ላይ ቶረንት የሚለውን ምረጡ፣ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ 2.5 ጊጋ ላይ ደርሶ ከዜሮ አያስጀምርም። ይሄን ያወቅኩት አንዴ ፓኬጄን ከበላኝ በኋላ ነው።

ፍላሹ ላይ የምትጭኑት በሩፈስ ነው፣ ነፃ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ሳይጫን ይከፈታል። ፍላሹን ሰኩ፣ ዲቫይስ የሚለው ላይ ያ ፍላሽ መሆኑን ሁለቴ እዩ (ባክአፕ ያደረጋችሁበት ኤክስተርናል አብሮ ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉት፣ በእናታችሁ ንቀሉት)፣ ሴሌክት ብላችሁ ያወረዳችሁትን ፋይል ስጡት። ስታርት ከማለታችሁ በፊት ከሴሌክት አጠገብ ያለችውን የራይት ምልክት ንኳት፣ ቁጥርና ፊደል የተደባለቀበት ረጅም ነገር ታወጣለች። ከዛ ውስጥ ሻ256 የሚለውን ሚንት ገፁ ላይ ካስቀመጠው ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ሲወርድ ተበላሽቷል፣ አትጫኑት፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል። እኩል ከሆነ ፓርቲሽን ስኪም ጂፒቲ፣ ታርጌት ዩኢኤፍአይ፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት፣ ስታርት። በምን ሞድ ልፃፍ ብሎ ሲጠይቅ ራሱ የሚመክረውን አይኤስኦ የሚለውን ተቀበሉት።

ከፍላሽ ማስነሳት

ላፕቶፗን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። ሹት ዳውን ስትሉ ሺፍት ይዛችሁ በሉ፣ አለዚያ ዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ በሚባለው ነገር ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነው የሚሆነው። ፍላሹን ሰኩ፣ አብሩ፣ ወዲያው ቁልፉን ደጋግማችሁ ምቱ። ኤችፒ ላይ ኤስኬፕ መትታችሁ ሜኑ ሲመጣ ኤፍ9 ነው። ዴል ኤፍ12። ሌኖቮ ኤፍ12፣ ወይም ጎኑ ላይ በመርፌ ወይ በወረቀት መያዣ ሽቦ የምትጫኗት ሚጢጢ ቀዳዳ አለች፣ ኖቮ በተን ይሏታል። አሱስ አብዛኛው ኤስኬፕ። ኤሰር ኤፍ12 ነው ግን ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ መጀመሪያ በኤፍ2 ባዮስ (ላፕቶፗ ስትነሳ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚሰራው የራሷ ሴቲንግ) ገብታችሁ ቡት ሜኑ የሚለውን ኢኔብል ማድረግ አለባችሁ።

ሴኪዩር ቡት የሚባለው፣ የማያውቀው ሲስተም ላፕቶፗን እንዳያስነሳ የሚከለክል ነገር አለ። ሚንት ሴኪዩር ቡት እንደበራም ይነሳል፣ ግን የአንዳንድ ዋይፋይ ሾፌር (ድራይቨር) በሱ ምክንያት አልነሳም ይላል፣ ስለዚህ ለዚህ አይነት ላፕቶፕ ባዮስ ውስጥ ማጥፋቱን እመርጣለሁ። ኤችፒ ስታጠፉት ቀጥሎ ስትነሳ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ታሳያችሁና እሱን ፃፉና ኢንተር በሉ ትላለች፣ ቫይረስ አይደለም፣ ፃፉላት። ኤሰር ላይ ደሞ ሴኪዩር ቡት ግራጫ ሆኖ አልነካም ይላል፣ ሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ስታወጡለት ይከፈታል። ያን ፓስወርድ ወረቀት ላይ ፃፉት ወይም ስትጨርሱ አንሱት፣ የረሳ ሰው ሰርቪስ ቤት ነው የሚገባው።

ከመጫን በፊት መሞከር

የሚንት ሜኑ ሲመጣ የመጀመሪያውን ምረጡ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ አጥፍታችሁ አብሩና ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ የሚለውን ሞክሩ። አሁን ዴስክቶፕ ታያላችሁ፣ ይሄ ከፍላሹ ነው የሚሰራው፣ ዲስካችሁ ገና አልተነካም። ሰው ሁሉ እዚህ ይቸኩልና ኢንስቶል የምትለዋን ይጫናል። ቆዩ። ዋይፋይ ያያል? ድምፅ አለ? ታችፓዱ በሁለት ጣት ይወርዳል? ብርሃን መቀነሻው ይሰራል? ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ይነቃል? ካሜራውስ? ርካሽ ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግሩት ዋይፋይና ድምፅ ናቸው። ዋይፋዩ መፍትሄ አለው፣ እነግራችኋለሁ። ድምፁ ግን ፍላሽ ላይ ጭራሽ ከሌለ ከጫናችሁም በኋላ ብዙ ጊዜ ቀላል አይሆንም፣ ያኔ ኢርፎን የሚሰካበት የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ መግዛት ይሻላል ወይስ ዊንዶውሱ ይቆይ የሚለውን አሁኑኑ ወስኑ፣ ዲስኩ ከጠፋ በኋላ አይደለም።

ዋይፋይ ካላያችሁ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ፣ አንድሮይድ ከሆነ ምንም ሳትጭኑ ኢንተርኔት ይመጣል።

አሁን ጫኑ

ቻርጀር ይሰካ፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን። መብራት ቢሄድ ላፕቶፕ መሆኑ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፣ ባትሪዋ የሞተባችሁ ግን መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ብትጀምሩ ይሻላል።

ኢንስቶል የሚለውን ክፈቱ። ቋንቋ ላይ አማርኛም አለ፣ ደስ ይላል፣ ግን ትርጉሙ ሙሉ ስላልሆነ ግማሹ እንግሊዝኛ ግማሹ አማርኛ ይሆንባችኋል፣ ችግር ሲገጥማችሁ ደሞ ሰርች ለማድረግ የእንግሊዝኛው መልእክት ያስፈልጋችኋል፣ በእንግሊዝኛው ሂዱ። ኪቦርድ ላይ እንግሊዝኛ ዩኤስ። እዚህ አማርኛ ኪቦርድ የመረጠ ሰው በኋላ ፓስወርዱን ምን ፊደል እንደፃፈ ራሱ አያውቀውም፣ ፓስወርድ ስትፅፉ የሚታየው ነጥብ ነውና። መልቲሚዲያ ኮዴክስ የምትለዋን ሳጥን ራይት አድርጉ፣ ቪዲዮና ሙዚቃ ያለሷ ይጎድላል። ሴኪዩር ቡት ሳታጠፉ ከመጣችሁ እዚህ ጋ ፓስወርድ ይጠይቃችኋል፣ ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ኤንሮል ሞክ ብላችሁ ያንኑ ፓስወርድ መልሳችሁ ትሰጡታላችሁ።

ከዛ ኢንስቶሌሽን ታይፕ። ኢሬዝ ዲስክ የሚለውን ምረጡና የቱን ዲስክ እንደሚያጠፋ አንብቡ። የነዚህ ላፕቶፖች ሜሞሪ ሃርድ ዲስክ አይደለም፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ ኢኤምኤምሲ ነው፣ ስለዚህ ስሙ ኤምኤምሲ ብሎ ነው የሚጀምረው። ኤስዲኤ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የሰካችሁት ፍላሽ ነው። መጠኑንም እዩ፣ 31 ወይ 29 ጊጋ የሚለው የናንተው ነው። ሀገር ላይ ካርታው ላይ አዲስ አበባን ንኩ፣ ስም፣ የኮምፒውተር ስም፣ ፓስወርድ፣ በቃ ጠብቁ።

ዊንዶውሱም ሊኑክሱም ጎን ለጎን ይሁኑልኝ የሚል ይኖራል። 32 ጊጋ ላይ አይሆንም፣ ሁለት ቤተሰብ አንድ ክፍል ውስጥ ማስገባት ነው። 128 ጊጋ ያላችሁ ትችላላችሁ፣ ግን መጀመሪያ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ነገር) መብራት አለመብራቱን እዩና ሪከቨሪ ኪውን ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ፈልጋችሁ ፃፉ። አንድ የሚያስቅ ነገርም ይገጥማችኋል፣ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሊኑክስ የቦርዱን ሰዓት የግሪንዊች አድርጎ ነው የሚያነበው፣ ዊንዶውስ ደሞ የሀገር ውስጥ ሰዓት ነው ብሎ ያስባል፣ እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንቀድማለን። የኛ አቆጣጠር ያለው የ6 ሰዓት ልዩነት ሲጨመርበት እህቴ ስንት ሰዓት ነው ብትል መልስ የሚሰጣት አልነበረም።

ሪስታርት ብላ እምቢ ካለች

ጨረስኩ ሲል ፍላሹን ንቀሉና ሪስታርት። እዚህ ጋ አንዳንድ ላፕቶፕ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለም ይላል። አትደንግጡ፣ ተጭኗል፣ ባዮሱ ግን ዊንዶውስን ብቻ ነው ሲፈልግ የኖረው። ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9 ሜኑ ላይ ቡት ፍሮም ኢኤፍአይ ፋይል የሚል አለ፣ እሱ ውስጥ ኢኤፍአይ፣ ከዛ ኡቡንቱ የሚል ፎልደር (ሚንት ከኡቡንቱ የተሰራ ስለሆነ ፎልደሩ ሚንት አይልም፣ እኔ ሚንት የሚል ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ፈጅቻለሁ)፣ ከዛ በሺም የሚጀምረውን ምረጡ። ከገባ ባዮስ ውስጥ ቡት ኦርደሩ ላይ ኡቡንቱን የመጀመሪያ አድርጉት። ኤሰር ላይ ያንኑ ፋይል ትረስትድ ብላችሁ የምታስመዘግቡበት ቦታ ሴኪዩሪቲ ውስጥ አለ።

ከገባችሁ በኋላ

ዋይፋይ። ብሮድኮም ካርድ ካላት መጀመሪያ ላይ አያይም። ፍላሹን መልሳችሁ ሰኩና ድራይቨር ማኔጀርን ክፈቱ፣ ሾፌሩን ከፍላሹ ላይ አውጥቶ ይጭናል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከዛ አፕዴት።

ታይምሺፍት። ሚንት ሲስተሙን ፎቶ እያነሳ የሚያስቀምጥ ነገር አለው፣ ሲበላሽ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል፣ መልካም ነገር ነው፣ ግን 29 ጊጋ ላይ በየቀኑ አምስት ይያዝ ካላችሁት በሁለት ሳምንት ዊንዶውስ ያደረገባችሁን ይደግመዋል። በሳምንት አንድ፣ የሚቀመጠው አንድ ብቻ። ሚንት ራሱ ከ10 ጊጋ በላይ ይዟል፣ የቀረችዋን ቆጥቡ። ሶፍትዌር ማኔጀር ላይም አንድ ፕሮግራም በሁለት መልክ ሲመጣ ፍላትፓክ የሚለውን አትውሰዱ፣ አንዷን ትንሽ ፕሮግራም ለመጫን ብዙ መቶ ሜጋ ተጨማሪ ነገር ይዞ ይመጣል። ቴሌግራም እኛ ጋ በብሮውዘር ነው የምትከፈተው፣ ምንም አልጎደለባትም።

ራም። ሶፍትዌር ማኔጀር ላይ ዚራም ኮንፊግ (zram-config) ብላችሁ ፈልጉና ጫኑ። ራም ሲሞላ ወደ ዲስክ ከመገልበጥ ይልቅ እዛው ራሙ ውስጥ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፣ ኢኤምኤምሲ ቀርፋፋ ስለሆነ 2 ጊጋ ላይ ልዩነቱ ይታያል። ፋየርፎክስ ላይ ግን ታብ እንደ ማህበር ዳቦ አታብዙ፣ አራት አምስት በቂ ነው።

አማርኛ መፃፍ። የሚነበበው ከመጀመሪያው ይነበባል። ለመፃፍ ሶፍትዌር ማኔጀር ላይ አይባስ ኤም17ኤን (ibus-m17n) የሚባለውን ጫኑ፣ ሜኑ ላይ ኢንፑት ሜትድ ውስጥ አይባስን ምረጡ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ ከዛ የአይባስ ፕሪፈረንስ ላይ አማርኛ፣ ሴራ የሚለውን ጨምሩ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስ ስትሉ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀያየራል። አፃፃፉ በድምፅ ነው፣ በላቲኑ ሰላም ብላችሁ ስትፅፉ ሰላም ይላል። ሺፍት ይዛችሁ ስትመቱ ት የነበረው ጥ፣ ች የነበረው ጭ፣ ን የነበረው ኝ ይሆናል። የፓወር ግዕዝ ጣት ያላችሁ አንድ ሳምንት ትናደዳላችሁ። አባቴ ሊብሬኦፊስ ላይ ቃለ ጉባኤ መፃፍ ጀምሯል፣ አሁን በዩኒኮድ ስለሆነ ፎንት ጠፋ የሚባል ነገር የለም፣ የድሮዎቹን ግን ከፎንታቸው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ነው ያስቀመጥኩለት።

ፍላሹን ቶሎ ፎርማት አታድርጉት። አንድ ቀን አፕዴት መሀል መብራትም ባትሪም አልቆ ላፕቶፗ አልነሳም ብትል በሱ አስነስታችሁ ፋይላችሁን ታወጡበታላችሁ፣ ታይምሺፍቱንም ከሱ ትመልሳላችሁ። የኛን እህቴ መዝሙር ሞልታበት ነው ያገኘሁት፣ ሌላ 3 ጊጋ ላወርድ ነው።